ጣቶቼን ያመኛል፤ ክራር መማሬን ላቁም?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ46 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ በሽታ አለብሽ ከተባልኩ 5 ዓመት ሆነኝ። ለዚሁ የታዘዘልኝን ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት በሳምንት አንዴ እወስዳለሁ። እብጠቱ ቀንሶልኛል፤ ሕመሙ ግን ጨርሶ አልለቀቀኝም። ከድሮ ጀምሮ ጥልፍ እወዳለሁ፤ ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ክራር እማራለሁ። ደህና በሆንኩ ቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ስደረድር እውላለሁ። ከዚያ ሦስት ቀን ብርጭቆ ማንሳት ያቅተኛል። ቤተሰቦቼ «አርፈሽ ተቀመጪ፣ ጣትሽን ልታበላሺው ነው» ይሉኛል። ወደ ትምህርቱ ስሄድ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ውጬ ነው። ሐምሌ ላይ ልጄ ትመረቃለች፤ አንድ ዘፈን እጫወትልሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። ክራሩን ልተወው? ወይስ ጥልፉን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም አይተዉ። መቀየር ያለበት ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ የቤተሰብዎን ስጋት ላንሳ፤ ከፍቅር የመጣ ነውና። በሩማቶይድ መገጣጠሚያን የሚያበላሸው ክራር አይደለም። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የመገጣጠሚያውን ስስ ሽፋን ያጠቃል። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይግላል፣ ውሎ አድሮም አጥንቱን ይበላል። ይህን የሚገታው መድኃኒት ነው። እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገታውም። እንዲያውም የማይንቀሳቀስ ጣት ይደርቃል፣ ጉልበቱም ያልቃል። እንግሊዝ ውስጥ 490 የሩማቶይድ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ ነበር። የእጅ ማፍታቻና ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ የሠሩት ሰዎች ከዓመት በኋላ እጃቸው ካልሠሩት ይልቅ ተሻሽሎ ተገኘ። ሕመማቸውም አልባሰም። የሠሩት ክራር አልነበረም፤ ግን እጅን በልክ ማሠራት እንደማይጎዳ ያሳያል።

እርስዎ ጋ የጠፋው ልኩ ነው። ደህና ሲሆኑ ያለፈውን ለማካካስ ሦስት ሰዓት ይጫወታሉ። ከዚያ ሦስት ቀን ይወድቃሉ። ሲነሱ ደግሞ የባከነው ቀን ያንገበግብዎትና እንደገና ሦስት ሰዓት። የረጅም ጊዜ ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች የሚኖሩት በዚህ አዙሪት ውስጥ ነው። ሕመሙ አለቃ ሆኗል፤ ጀምር የሚለውም፣ አቁም የሚለውም እሱ ነው።

እናቴ ጥጥ ትፈትል ነበር። በስተርጅና የጣቶቿ አንጓዎች አብጠው ነበር። የእሷ ከዕድሜ ጋር የሚመጣው ዓይነት ነው፤ ከእርስዎ ይለያል። ጠዋት ባዘቶውን ከፋፍላ የዕለቱን ሰፌድ ላይ ለይታ ታስቀምጣለች። ያ ካለቀ እንዝርቱ ይቀመጣል። «እማዬ፣ ዛሬ እኮ አላመመሽም፤ ለምን ታቆሚያለሽ?» እላት ነበር። «ነገም እንድፈትል» ትለኛለች። በኋላ ሕክምና ስማር፣ መምህሬ ስለ ሥር የሰደደ ሕመም አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስረዳን ይህንኑ ነበር።

እርስዎም የዕለቱን ባዘቶ ይለዩ። ለአንድ ሳምንት ሰዓት ይያዙ፤ ሕመሙ መባስ የሚጀምረው በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ይጻፉ። በደህናውም በመጥፎውም ቀን። አንድ ቀን 20፣ ሌላ ቀን 12፣ ሌላ ቀን 16 ቢሆን አማካዩ 16 ነው። እንግዲያው ከዚያ ዝቅ ብለው በ12 ደቂቃ ይጀምሩ። ስልክዎ ላይ ደወል ይሙሉ። ሲደወል ክራሩን ያስቀምጡ፤ ዜማው መሐል ላይ ቢሆኑም፣ ምንም ባያምዎትም። ከባዱ ይኼ ነው። ደህና ሆኖ ማቆም ያስቆጫል። ግን ቅዳሜ ብቻ ሦስት ሰዓት ከመጫወት በየቀኑ 12 ደቂቃ ይሻላል፤ ጣትም የሚለምደው በየቀኑ ሲነካ ነው። ሳምንቱ በሰላም ካለፈ 2 ደቂቃ ይጨምሩ። ተጫውተው ከ2 ሰዓት በኋላ ከመጀመርዎ በፊት ከነበረው በላይ የሚያምዎት ከሆነ፣ በዝቷል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ይቀንሱ። መምህርዎም ይህን ይወቁ። የቅዳሜው ትምህርት በየ10 እና 12 ደቂቃው እረፍት ይኑረው፤ በእረፍቱ እሳቸው ይጫወቱ፣ እርስዎ ይስሙ።

ጠዋት ጣት ስለሚተሳሰር ልምምዱን ወደ ረፋድ ወይም ከሰዓት ያድርጉት። ከመጀመርዎ በፊት እጅዎን ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ደቂቃ ያቆዩ።

አሁን በደብዳቤዎ ውስጥ ወደሌለው ነገር ልምጣ። ቅዳሜ ጠዋት ከትምህርቱ በፊት ምን ሲሠሩ ይቆያሉ? ብዙ ታካሚዎቼን ስጠይቅ የምሰማው ተመሳሳይ ነው። ልብስ አጥቦ መጭመቅ፣ ሊጥ ማቡካት፣ የሳምንቱን የወጥ ሽንኩርት መክተፍ፣ የሞላ ጀበና አንስቶ መቅዳት። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት ክራር በሚደረድሩት በእነዚያው ጣቶች ነው። እጥበት ጣትና አንጓን ከክራር ይልቅ ያደክማል። ታዲያ «አርፈሽ ተቀመጪ» የሚባሉት ለክራሩ ብቻ ነው ወይስ ለእጥበቱም? ቤተሰብዎን ለመውቀስ አይደለም፤ ብዙ ቤት ውስጥ ማንም ልብ ሳይለው የሚሆን ነው። ቁጭ ብለው ይነጋገሩ። መጭመቁንና መክተፉን ሌላ ሰው ይያዝ። ለክራሩ የሚተርፈው ጉልበት የሚገኘው ከዚያ ነው።

ጥልፍ ደግሞ ቀጭን መርፌ ቆንጥጦ መያዝ ስለሚጠይቅ አውራ ጣትን ያደክማል። ለጊዜው ክራርና ጥልፍ በአንድ ቀን አይገናኙ። ጨርቁን በእጅ ወጥሮ ከመያዝ ፍሬም ላይ ይወጥሩት።

ክራሩም ለእርስዎ ይመች። የብረት ክር ከሆነ በናይሎን ይቀየር። መቃኛውን ማጠማዘዝ ለእርስዎ አንጓ ክፉ ነው፤ መምህርዎ ወይም ልጅዎ ይቃኙልዎት። መምቻ የሚጠቀሙ ከሆነ ጨርቅ ጠቅልለው ያወፍሩት። ዱካ ላይ አይጎበጡ፤ ደገፍ የሚሉበት ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ክራሩንም በትራስ ይደግፉት።

ሕመሙ የሚነሳበት ቀን ይመጣል። አንጓው ካበጠና ከጋለ ያን ቀን ክራር አይነካም፤ ጣትዎን ቀስ እያደረጉ ማጠፍና መዘርጋት ብቻ ይበቃል። ትምህርቱ ግን አይቆምም። ቅኝቶቹን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬን፣ በጆሮ መለየት እጅ አይፈልግም። ዘፈኑን ያዳምጡ፣ ያንጎራጉሩ፣ ምቱን በእግርዎ ይቁጠሩ። አእምሮ በዜማ ሲያዝ ለሕመሙ የሚሰጠው ቦታ ያንሳል።

ዳይክሎፌናኩን በዚህ መልክ አይቀጥሉ። ሕመሙን ስለሚሸፍነው ልክዎን እንዳያውቁ ያደርግዎታል። ከዚያም በላይ ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ከሜቶትሬክሴት ጋር የሚወሰደውም ሐኪም እያወቀና እየተከታተለ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይንገሩ። የጉበት፣ የኩላሊትና የደም ሴል ምርመራዎን አያስተጓጉሉ። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ፤ ሌላ አንባቢ ካለ ግን ልድገመው። በስህተት በየቀኑ መውሰድ ሊገድል ይችላል።

«ጨርሶ አልለቀቀኝም» ያሉትንም ለሐኪምዎ ዘርዝረው ይንገሩ። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚተሳሰሩ ከሆነ፣ ወይም አሁንም የሚያብጥ አንጓ ካለ፣ በሽታው በደንብ አልተያዘም ማለት ሊሆን ይችላል። መጠኑ ይስተካከል ወይም ሌላ መድኃኒት ይታከል ይሆናል። እብጠት ሳይኖር የሚቀር ሕመምም አለ። ነርቮች ለዓመታት ሲነካኩ ኖረው በትንሹም መጮህ ይለምዳሉ። ያ ሕመም እውነተኛ ነው፤ ግን መገጣጠሚያው እየፈረሰ ነው ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኦጉስት ሬኗር ይኸው በሽታ ነበረበት። ጣቶቹ ተጣመው እንኳ በ1919 እ.ኤ.አ. እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ሥሏል። ያን ጊዜ ሜቶትሬክሴት አልነበረም። እርስዎ አለዎት።

አንድ ጣት በድንገት መዘርጋት ካቃተው፣ አንዱ አንጓ ብቻውን አብጦ ትኩሳት ከመጣ፣ ሌሊት አውራ ጣትና ቀጥሎ ያሉት ከደነዘዙ፣ ወይም የአንገት ሕመም ከእጅ መድከም ጋር ከመጣ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ። ወደ ሐኪም ይሂዱ።

የምርቃቱ ዘፈን የ4 ደቂቃ ነገር ነው። ለ4 ደቂቃ ሦስት ሰዓት አያስፈልግም። ዘፈኑን ከአሁኑ ይምረጡ፤ ግማሹን እየዘፈኑ፣ ግማሹን እየደረደሩ እንዲሆን ከመምህርዎ ጋር ያቀናጁት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ልምምዱን በግማሽ ይቀንሱ። ቤቱ ለድግስ ሲሯሯጥ እርስዎ እንግዳ ይቀበሉ፤ የዶሮ ወጡን ሽንኩርት ግን ሌላ ሰው ይክተፍ።