አሴቶፌኖን ለምን ክሪስታል አልሠራም?

ጥያቄ፦ ሦስት ኪቶኖችን (ከኦክስጅን ጋር በድርብ ቦንድ የታሰረ ካርቦን በሁለት ሌሎች ካርቦኖች መካከል የያዙ ውህዶችን) በየተራ ከሶዲየም ባይሰልፋይት ጋር ቀላቀልን። አሴቶንና ሳይክሎሄክሳኖን ነጭ ክሪስታል ሠሩ፤ አሴቶፌኖን ግን እንዳለ ቀረ። የመማሪያ ጽሑፋችን «ሜታይል ኪቶኖች ይሠራሉ» ይላል፤ አሴቶፌኖንም ሜታይል ኪቶን (በአንድ ጎኑ CH3 ያለው) ነው። የት ተሳሳትን?

መልስ፦ አልተሳሳታችሁም፤ ደንቡ ከልክ በላይ አጥሮ ነው የተጻፈላችሁ።

በካርቦኒሉ (ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ ቦንድ በታሰሩበት ክፍል) ውስጥ ኦክስጅኑ ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ ስለሚስብ ካርቦኑ በከፊል አዎንታዊ ይሆናል። የባይሰልፋይቱ ድኝ የሚያያዘው ከዚህ ካርቦን ጋር ነው። ድኙ ሲገባ ግን ጠፍጣፋ የነበረው ካርቦን ቅርጹን ይለውጣል፦ 120 ዲግሪ ገደማ የነበሩት ማዕዘኖች ወደ 109 ይጠብባሉ፣ ጎረቤቶቹም ይጨናነቃሉ። ስለዚህ በማንኛውም ካርቦኒል ፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ካርቦኑ ኤሌክትሮን ምን ያህል ጎድሎታል? ለእንግዳውስ ቦታ አለው?

አሴቶፌኖን በሁለቱም ይወድቃል። የቤንዚን ቀለበቱ (ነዳጁ ሳይሆን ስድስት ካርቦኖች ያሉት ቀለበት) ኤሌክትሮን ስለሚያካፍለው የካርቦኑ ጉድለት ይቀንሳል፤ ቀለበቱ ሰፊም ነው። ሳይክሎሄክሳኖን ደግሞ ሁለቱ ክንዶቹ (በካርቦኒሉ ግራና ቀኝ ያሉት የካርቦን ሰንሰለቶች) ወደ ኋላ ታስረዋል፤ ድኙን ሲቀበል ቀለበቱ እንዲያውም ይዝናናል። ክንዶቹ ልቅ የሆኑበት ዳይኢታይል ኪቶን ግን መንገዱን ስለሚዘጋ እምብዛም አይሠራም። ካርቦኒሉ ላይ ባይሰልፋይት ሳይሆን ውኃ ሲደመርም ይኸው ልዩነት ይታያል፦ ፎርማልዲሃይድ ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ አሴታልዲሃይድ ግማሽ ያህሉ ውኃ ይደምራል፤ አሴቶን ግን ከሺህ አንድ ሁለቱ ብቻ።

ሙከራውን ስትደግሙት እስኪጠግብ የሟሟ፣ በዕለቱ የተዘጋጀ ባይሰልፋይት 1 ሚሊ ሊትር ውሰዱ፤ 5 ጠብታ ኪቶን ጨምራችሁ፣ ከድናችሁ፣ አጥብቃችሁ ነቅንቁ። ከዚያ 10 ደቂቃ በረዶ ውስጥ አቆዩት። የአሴቶን ክሪስታል በውኃ በቀላሉ ስለሚሟሟ፣ የቀጠነ ሙሙት ከተጠቀማችሁ ምንም ላታዩ ትችላላችሁ። የቆየ ባይሰልፋይትም አየር እያገኘው ወደ ሰልፌት ይለወጣልና አትመኑት። ኤታኖል የምትጨምሩ ከሆነ ኪቶን የሌለበት ቴስት ቲዩብ ጎን ለጎን አቁሙ፤ ጨው ራሱ ዘቅጦ ያሳስታል፣ ብዙዎች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። የሚወጣው ጋዝ ስለሚሰነፍጥ መስኮት ክፈቱ፤ አስም ያለበት ሰው አይቅረብ።

አሴቶፌኖን ኪቶን መሆኑን ለማረጋገጥ 2,4-ዳይናይትሮፌኒልሃይድራዚን ጠብ አድርጉበት፤ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ዝቃጭ ይሰጣችኋል። እዚህም መጀመሪያ ካርቦኑ ይጨናነቃል፤ ነገር ግን ወዲያው ውኃ ይወጣና ካርቦኑ ከናይትሮጅን ጋር በድርብ ቦንድ ታስሮ መልሶ ጠፍጣፋ ይሆናል። ዝቃጩም ስለማይሟሟ አጸግብሮቱ ወደፊት ይገፋል።