ከበሮው በመታ ቁጥር አትዝለሉ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ላፕቶፕዋን ከዝናቡ ለመከለል በፌስታል ጠቅልላ ሐዋሳ ፒያሳ ካለችው ክፍሌ መጣች። አንድ ደቂቃ ተኩል የምትሆን የአኒሜሽን ሥራ ይዛለች፦ በጥቁር መደብ ላይ ክቦች፣ መስመሮችና ሦስት ማዕዘኖች፣ ከሥራቸው ደግሞ በችክችካ የሚሄድ፣ ድምፃዊ የሌለበት ሙዚቃ። ሥራው ጥንቅቅ ያለ ነው፤ ቀለሙም ያምራል። ነገር ግን ከበሮው በመታ ቁጥር ሁሉም ይዘላል። ክቡ ይዘላል፣ መስመሩ ይዘላል፣ መደቡ ራሱ ብልጭ ድርግም ይላል። ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ዓይኔ ደከመ። «ጋሼ፣ አንድም ምት አልሳትኩም፤ ፍሬም በፍሬም፣ ነጠላ ምስል በነጠላ ምስል አይቼዋለሁ። ታዲያ ለምንድን ነው የሚሰለቸው?» አለችኝ። ያን ዕለት መብራት ሄደና ወሬያችን በእንጥልጥል ቀረ። የቀረውን ለእሷም ለእናንተም ልጻፈው።

ሠርግ ቤት ስትሄዱ አንድ ቀን አቀንቃኙን ተዉትና ተቀባዮቹን አዳምጡ። ጎበዝ ተቀባይ የሰማውን ሁሉ አይመልስም። ይሰማል፣ ያሳልፋል፣ ቦታው ሲደርስ ይገባል፤ አንዳንዴ በቃል፣ አንዳንዴ በጭብጨባ፣ አንዳንዴም በትከሻው ብቻ። ለሙዚቃ የሚሠራ ረቂቅ ምስልም ሥራው ይኸው መቀበል ነው። ጆሮ የሰማውን ሁሉ ዓይን ከደገመው ተመልካቹ አምስተኛው ሰከንድ ላይ ሕጉን ያውቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው ነገር የለም። ልጅቷ አንድም ምት አልሳተችም፤ ጥፋቷም እሱ ነው።

ይህን የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። እኔ የጀመርኩት በሠርግ ቪዲዮ ቆራጭነት ነው፤ የሚሽከረከር የልብ ቅርጽ በስንት ሙሽራ ፊት ላይ እንደለጠፍኩ ፈጣሪ ይቁጠረው። ወደ ሞሽን ግራፊክስ፣ ማለትም ቅርጽና ጽሑፍ ወደ ማንቀሳቀስ ሥራ ከገባሁ በኋላም ለብዙ ጊዜ የሠራሁት ድምፁ ከፍ ሲል የሚተልቅ፣ ዝቅ ሲል የሚያንስ ክብ ነበር። ደንበኛው ይደነቃል፣ ይከፍላል፣ ይረሳዋል። እኔም እረሳው ነበር።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ዝጉት። ሙዚቃውን ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ፣ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ወደ ፍቅር ሐይቅ ውረዱ። በጠዋት ከሆነ ይሻላል፤ ከረፈደ ፎቶ አንሺው «ላንሳችሁ»፣ ባለ ጀልባው «ላንሸራሽራችሁ» እያለ አያስደምጣችሁም። ሦስት ጊዜ ስሙት። በመጀመሪያው ምንም አትጻፉ። በሁለተኛው እርሳሱን ሳታነሱ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሙዚቃው የሚሄድበትን አንድ መስመር ስቡ፤ አያምርም፣ ማማርም የለበትም። በሦስተኛው «እዚህ ላይ ተለወጠ» ያላችሁበትን ሰከንድ ብቻ ምልክት አድርጉ። በሦስት ደቂቃ ሙዚቃ ውስጥ እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ብዙውን ጊዜ የማገኘው 5 ወይም 6 ነው። ሥራው የሚቆመው በእነዚያ ላይ ነው፤ የቀረው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ መንገድ ነው።

ቅርጽ ከየት ላምጣ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ቋንቋችን አስቀድሞ ሰጥቶናል። እኛ ድምፅን ወፍራም፣ ቀጭን እንላለን። የሰላ፣ ሻካራ፣ ለስላሳ እንላለን። ሁሉም በእጅ የሚዳሰሱ ነገሮች ናቸው! የውጭ አገር ማስተማሪያ ቪዲዮዎች ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ከታች፣ ቀጭኑን ድምፅ ከላይ አድርጉ ይሏችኋል፤ ክፋት የለውም። እኔ ግን ከቦታው ይልቅ የመስመሩን ውፍረት መለወጥ እወዳለሁ፤ አማርኛ የሚሰማ ዓይን ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠሩትን የዜማ ምልክቶችስ አይታችኋል? ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ፣ ደረት፤ ስምንት ናቸው። ከግእዙ ቃል ጋር በደቃቁ ይጻፋሉ። የብዙዎቹ ስም ራሱ እንቅስቃሴ ነው፦ መያዝ፣ መድፋት፣ መሄድ፣ መቁረጥ። የድምፅን አካሄድ በትንሽ ቅርጽ መጻፍ በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም ማለቴ ነው። ምልክቶቹን ገልብጣችሁ ማስታወቂያ ላይ ለጥፉ ግን አላልኩም፤ እሱ ነውር ነው። አሳቡን ውሰዱ። አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻ ይዛችሁ፣ በ25 ፍሬም፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ ውስጥ፣ «መያዝ»ን አሳዩ። ከዚያ «መድፋት»ን። ከዚያ «መቁረጥ»ን። ልምምዱ ቀላል ይመስላል። እኔ የመጀመሪያው ላይ ሁለት ቀን ፈጅቻለሁ፤ ቆማ የምትታይ ነጥብና የተያዘች ነጥብ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። ክራር ሲነካ ድምፁ በቅጽበት ከፍ ይልና ቀስ እያለ ይሞታል። ስለዚህ ለክራር የሚመልስ ቅርጽ በ1 ወይም በ2 ፍሬም ውስጥ መድረስ፣ ለመጥፋት ግን 15 ወይም 20 ፍሬም መውሰድ አለበት። ማሲንቆ ሌላ ነው። ጭራ በጭራ ላይ ሲሳብ ድምፁ ያብጣል፣ ይንሸራተታል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር መካከሉን አይዘልም። ለማሲንቆ የሚፈነዳ ክብ ስትሰጡት ሙዚቃውን ትሰድቡታላችሁ፤ የሚለጠጥ መስመር ስጡት። በገና አሥር አውታር አለው፤ ከአውታሮቹ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ድምፁን ታንዘረዝረዋለች። ለእሱ ቅርጹ ረግቶ ጠርዙ ብቻ ቢንቀጠቀጥ ይበቃል። ከበሮም ቢሆን አንድ ድምፅ አይደለም፤ ሰፊው ፊቱና ጠባቡ ፊቱ የሚናገሩት የተለያየ ነው። ኮምፒውተሩ ሲጀምር የሚሰጣችሁ መግቢያውም መውጫውም እኩል የሆነ እንቅስቃሴ ከእነዚህ ለአንዳቸውም አይሆንም። ሌላ ኪፍሬም፣ ማለትም ቅርጹ በዚህ ሰዓት እዚህ ይሁን የምትሉበትን ምልክት ከመጨመራችሁ በፊት፣ የእንቅስቃሴውን ፍጥነት የሚያሳየውን የግራፍ መስመር ማጠፍ ልመዱ።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ እያንዳንዱ ቅኝት የሚቆመው በ5 ድምፅ ነው። ከእነዚያ ድምፆች ይህን ያህል ዘፈን ከወጣ፣ ለአንድ ደቂቃ ሥራ 50 ዓይነት ቅርጽ ምን ያደርግላችኋል? ደግሞ ትዝታ በተሰማ ቁጥር ሰማያዊ መደብና ጭጋግ፤ እባካችሁ።

ቁጥሩን ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ አሰልቺ ነው ግን ያድናል። ችክችካ በኖታ 6/8 ተብሎ ይጻፋል፤ ስድስቱ ሁለት ጊዜ ሦስት ሆነው ይሄዳሉ። ከኢንተርኔት የምታወርዱት ቴምፕሌት፣ አስቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ ሥራ፣ አብዛኛው የተሠራው በአራት ለሚቆጠር ሙዚቃ ነው፤ ለዚህ ነው በእኛ ዘፈን ላይ ስትጭኑት አንድ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ የሚመስለው። በደቂቃ 100 ዋና ምት ያለው ሙዚቃ ቢሰጣችሁና በሰከንድ 25 ፍሬም ብትሠሩ እያንዳንዱ ምት በ15 ፍሬም ይደርሳል፤ ሦስቱ ንዑስ ምቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው 5 ፍሬም ይደርሳቸዋል። እንዲህ የሚገጥምላችሁ ግን ዕድለኛ ስትሆኑ ነው። ፍጥነቱ 110 ሲሆን ምቱ 13.6 ፍሬም ላይ ይወድቃል። «14 ይሁን» ብላችሁ በየ14ቱ ከደረደራችሁ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 40 ፍሬም፣ ማለትም ከአንድ ሰከንድ ተኩል በላይ ትዘገያላችሁ። መፍትሔው ከመነሻው መቁጠር ነው፤ ሠላሳኛውን ምት ስትፈልጉ 30ን በ13.636 አባዙ፣ የምታጠጋጉት ከዚያ በኋላ ነው። በቀጥታ የተጫወቱ ሰዎች ቅጂ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡም አይሠራም፤ ሰው ሲሞቀው ይፈጥናል። ያኔ ምልክቱን በጆሮና በእጅ ማስቀመጥ ነው።

«ለምን ኮምፒውተሩ ራሱ አይሰማም?» የሚል አይጠፋም። ይሰማል። አፍተር ኢፌክትስ የሚባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም የድምፁን ከፍታና ዝቅታ ወደ ኪፍሬም ይለውጥላችኋል፤ ነገር ግን የሚለካው ጠቅላላውን ድምፅ ነው፤ ከበሮውና ክራሩ ለእሱ አንድ ናቸው። መሣሪያዎቹ ለየብቻ የተቀዱበትን ፋይል ከሙዚቀኛው ለምኑ፤ ካልተገኘ በኢኳላይዘር ወፍራሙን ከቀጭኑ ለዩና ለየብቻ አስለኩ። ገንዘብ የማይጠይቀው ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም ደግሞ የትኛውን የድምፅ ክልል እንደሚያዳምጥ፣ በምን ፍጥነት እንደሚነሣና እንደሚወርድ እንድትወስኑ ይፈቅዳል። እኔ መነሻውን አጭር፣ መውረጃውን ረጅም አደርገዋለሁ። ያም ሆኖ ከማሽኑ የወጣውን እንዳለ አላስረክብም፤ ብዙውን እሰርዘዋለሁ። ማሽን መስማት እንጂ ማሳለፍ አያውቅም።

አሁን ያፈርኩበትን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አዳራሽ ውስጥ ለሚቀርብ የሙዚቃ ዝግጅት የመድረክ ምስል ሠራሁ። ሦስት ሳምንት ለፋሁበት፤ ኪፍሬሙን ሁሉ በዓይንና በጆሮ እያመሳከርኩ። የተጠቀምኩት ግን ገመድ አልባ፣ የብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ ነበር። ያ ማጉያ ድምፁን 200 ሚሊሰከንድ ያህል ያዘገያል፤ በ25 ፍሬም ሲሰላ 5 ፍሬም ማለት ነው። ምስሉን ከዘገየው ድምፅ ጋር አስማምቼው፣ አዳራሹ ውስጥ በገመድ የመጣው ትክክለኛ ድምፅ ሲከፈት እያንዳንዱ ክብ 5 ፍሬም እየዘገየ ሲንገዳገድ አየሁ። ሰዉ ምን እንደጎደለ አላወቀም፤ እንደጎደለ ግን አወቀ። ማንንም የምወቅስበት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ባለ ገመድ ማዳመጫ ብቻ!

በነገራችን ላይ ማዘግየትና ማስቀደም እኩል ጥፋት አይደሉም። ሐይቁ ዳር ቆማችሁ ዓሣ አጥማጁ መቅዘፊያውን ከጀልባው ጎን ሲያጋጨው እዩ፤ መጀመሪያ ታያላችሁ፣ ቆይቶ ትሰማላችሁ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ምስሉ በትንሹ ቢቀድም ሰው እንደ ተፈጥሮ ይቀበለዋል፤ ምስሉ ከድምፁ ሲዘገይ ግን ወዲያው ይሸክከዋል። ረጅም አዳራሽ ውስጥ 34 ሜትር ወደ ኋላ የተቀመጠ ሰው ከመድረክ የሚመጣውን ድምፅ 2 ፍሬም ተኩል ዘግይቶ ይሰማል። የምታጠራጥር ቦታ ስትገጥማችሁ ምስሉን ወደ ማስቀደም አድሉ።

ስለ ብልጭታ አንድ ነገር ብቻ፦ ሙሉ ስክሪን በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ አታብለጭልጩ፤ በተለይ ደማቅ ቀይ። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥል ይችላል። ይህ የጣዕም ጉዳይ አይደለም።

ብዙ ቅርጾችን በአንድ ላይ ማንቀሳቀስ ስትፈልጉ በፍቼ ጨምበላላ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ጉዱማሌ አደባባይ ሂዱና ቄጣላውን፣ የሕዝቡን ጭፈራ፣ ራቅ ብላችሁ እዩ። የአንዱን ሰው እግር አትከተሉ፤ ሕዝቡ እንደ አንድ አካል ሲሄድ እዩ። ቅርጾቻችሁ ሁሉ በአንድ ፍሬም ላይ ከተነሡ የወታደር ሰልፍ ነው የሚሆኑት። ጥቂቶቹን በ1፣ ጥቂቶቹን በ2 እና በ3 ፍሬም አዘግዩዋቸው፤ ሕይወት ይገባባቸዋል።

ባዶ ቦታ ያስፈራችኋል፤ እኔንም ያስፈራኝ ነበር። የአኒሜሽን ባለሙያው ኖርማን ማክላረን ከኤቭሊን ላምባርት ጋር በ1949 እ.ኤ.አ. በካናዳ፣ በፒያኒስቱ ኦስካር ፒተርሰን ጃዝ ላይ፣ ያለ ካሜራ፣ ፊልሙን ራሱን እየቀቡና እየጫሩ የሠሩትን «ቢጎን ዳል ኬር» (Begone Dull Care) ፈልጋችሁ እዩ። መጀመሪያው የቀለም ጎርፍ ነው። መካከሉ ላይ ሙዚቃው ቀዝቀዝ ሲል ግን ቀለሙ ሁሉ ይሄዳል፤ ጥቁር መደብ ላይ ቀጫጭን ቁም መስመሮች ብቻ ይቀራሉ። ማሳየት የሚችሉትን ጎርፍ አሁን አሳይተውናል፤ እዚያ ጋ ግን ከለከሉት። እኔ ያንን ቦታ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም።

ከደንበኛ ጋር ያለው ጣጣ ብዙ ነው፤ ሌላ ቀን። ለጊዜው ይህችን ብቻ ያዙ፦ «ይሄ ክብ ምን ማለት ነው?» ሲላችሁ ትርጉም አትፍጠሩለት፤ ድምፁን ዝጉና አሳዩት፣ ከዚያ ከፍታችሁ አሳዩት። የሰው ዘፈን ላይ ስትሠሩ ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ ለልምምድም ቢሆን በይፋ የምታወጡት ከሆነ።

ልጅቷ ትናንት ማታ አዲሱን ላከችልኝ። ሦስት ማዕዘኖቹ የሉም። መደቡ ብልጭ ድርግም አይልም። አንድ ክብና አንድ መስመር ቀርተዋል፤ ክቡ ለክራሩ፣ መስመሩ ለማሲንቆው። ከበሮውን ምንም አይመልስለትም፤ እስከ 52ኛው ሰከንድ። እዚያ ሲደርስ ክቡ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰነጠቃል፤ እኔም ከወንበሬ ቀና አልኩ። 41ኛው ሰከንድ ላይ ክቡ ከክራሩ በሁለት ፍሬም ይዘገያል፤ እሱን አስቀድሚው ብዬ ጽፌላታለሁ።