ትንሽ የአፈር ግድብ ጤናው በምን ይታወቃል?

ጎርፍ ለመከላከል ስለተሠሩ አነስተኛ የአፈር ግድቦች ከአንባቢያን ከደረሱን ጥያቄዎች ተደጋግመው የመጡትን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ በግድባችን የታች ወገን፣ ግርጌው ላይ ውሃ ይወጣል። ኩሬው ሲሞላ ይጨምራል፣ ሲጎድል ይቀንሳል። አንዳንዱ «የአፈር ግድብ ማስረጉ አይቀርም» ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው ፈርቷል። ማንን እንስማ?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት አላቸው። ጨርሶ ውሃ የማያሰርግ የአፈር ግድብ የለም። መታየት ያለበት ውሃው አፈር ይዞ መውጣት አለመውጣቱ ነው። ጥርት ብሎ የሚወጣና ከኩሬው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ስርገት ክትትል ይበቃዋል። ደፍርሶ የሚወጣ ከሆነ ግን የግድቡን ሆድ እየበላ ነው። ከግርጌው ተነስቶ ወደ ኩሬው እየሰረሰረ የሚሄድ ቀጭን ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ውሃው ይበረታል፣ ውሃው ሲበረታ ቀዳዳው ይብሳል። በአሜሪካ አይዳሆ የሚገኘው የቲተን ግድብ በሰኔ 5 ቀን 1976 እ.ኤ.አ. ጠዋት ደፍራሽ ውሃ ታየበት፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ፈረሰ፣ 11 ሰዎችም ሞቱ። ያ ግድብ ከእናንተው እጅግ ይበልጣል፤ አፈሩ የሚበላበት መንገድ ግን አንድ ነው።

ለመለየት ዝናብ በሌለበት ቀን ውሃውን ልክ ከመውጫው ላይ በንጹሕ ጠርሙስ ቅዱና ሳትነኩት ለአንድ ሰዓት አስቀምጡት። ከሥሩ ዝቃጭ ካለ አፈር እየወጣ ነው። መጠኑንም ለኩ፦ ውሃውን በትንሽ ቦይ ወይም ቱቦ ሰብስባችሁ 10 ሊትር ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ መዝግቡ። 50 ሰከንድ ከፈጀ በደቂቃ 12 ሊትር ማለት ነው። ከጎኑ የኩሬውን ከፍታና ዝናብ መጣሉን ጻፉ፤ ያለ እነዚህ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ኩሬው ባለበት ቆሞ ውሃው ከጨመረ ባለሙያ ጥሩ። ድንገት ከቀነሰም ደስ አይበላችሁ፤ በግድቡ ውስጥ ያለው የማጣሪያ (ውሃውን አሳልፎ አፈሩን የሚያስቀር የአሸዋና ጠጠር ንጣፍ) መውጫ ተደፍኖ ውሃው በግድቡ ሆድ ውስጥ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል።

ውሃው ከመሬት እየፈላ በዙሪያው አሸዋ ከከመረ በሸክላ አፈር ወይም በሲሚንቶ አትድፈኑት። ግፊቱ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፣ ያንን ደግሞ ላታዩት ትችላላችሁ። አፈር የሞሉ ጆንያዎችን በዙሪያው በክብ ደርድሩና ውሃው ውስጡ ከፍ እንዲል አድርጉ። ጥርት እስኪል ድረስ ብቻ ከፍ አድርጉት፤ ከዚያ በአንድ በኩል መፍሰሻ ይኑረው። ቁሳቁስ ካለ መውጫው ላይ መጀመሪያ የታጠበ ሻካራ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ ድንጋይ እያንዳንዱን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ማድረግ ውሃውን አሳልፎ አፈሩን ያስቀራል።

ከሁሉም የከፋው ግድቡን አቋርጦ በሚያልፈው ቱቦ ውጫዊ ጎን እየታከከ የሚወጣ ውሃ ነው። ከቱቦው ሆድ ሥር ያለው አፈር ሲሠራ በደንብ መጠቅጠቅ ያስቸግራል፤ ውሃም ያንን ያውቃል። ከቱቦው በላይ ባለው የግድቡ አናት ላይ መስመጥ ካያችሁ፣ ወይም ኩሬው ውስጥ ውሃው ሲሽከረከር ከታየ፣ ጉዳዩ የሰዓታት ነው፦ በታች ያሉ ሰዎችን አስነሡ፣ መውጫዎችን ሁሉ ክፈቱ። በሌላ ጊዜ ኩሬውን ስታጎድሉ በቀን ከ30 ሳንቲ ሜትር አትለፉ፤ ውሃ የጠገበው የውሃው ወገን ተዳፋት ድጋፉን ድንገት ሲያጣ ይንሸራተታልና። በእንዲህ ያለ አደጋ ጊዜ ግን ይህ ገደብ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ለበጋ ውሃ እንዲቆይልን ማስተንፈሻው (ትርፍ የጎርፍ ውሃ የሚያልፍበት መውጫ) ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የአሸዋ ጆንያ ደርድረናል። ማስተንፈሻው 8 ሜትር ይሰፋል፤ የግድቡ አናት ከማስተንፈሻው ወለል በ1.5 ሜትር ይበልጣል። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው፤ ዛሬውኑ አንሱት። ምክንያቱን በቁጥር እንየው። ሰፊና ጠፍጣፋ ወለል ባለው ማስተንፈሻ ላይ በሰከንድ የሚያልፈው ውሃ በኩቢክ ሜትር በግምት 1.7 ሲባዛ በወርዱ፣ ሲባዛ በውሃው ጥልቀት (ሁለቱም በሜትር)፣ ጥልቀቱ በ1.5 ርቢ ከፍ ተደርጎ ነው። ከ1.5 ሜትሩ ውስጥ 50 ሳንቲ ሜትሩ ለማዕበልና ለመጠባበቂያ ተትቶ 1 ሜትር ውሃ ቢያልፍ፣ 1.7 ሲባዛ በ8 በሰከንድ 13.6 ኩቢክ ሜትር ይሆናል። ጆንያው ሲጨመር ለውሃው የቀረው 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ጥልቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚያልፈው ውሃ በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ 4.8 ኩቢክ ሜትር ይወርዳል፣ የቀድሞው አንድ ሦስተኛ ገደማ። 13.6ቱ በሙሉ ከመጣ ደግሞ ውሃው ልክ የግድቡን አናት ይነካል፤ አናቱ አንድ ቦታ 10 ሳንቲ ሜትር ሰምጦ ከሆነ ውሃው በዚያች ቦታ አናቱን አልፎ ይፈስሳል። የአፈር ግድብ ደግሞ በአናቱ ላይ የሚፈስን ውሃ አይችልም። በአፈር ግድቦች መፍረስ ዋነኛው ምክንያት ይኸው ነው።

ጆንያው በጎርፉ ቢወሰድስ? ያን ጊዜ የተጠራቀመው ውሃ በአንዴ ወደ ታች ይለቀቃል። በዚያ ላይ ኩሬ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ይሰፋል፤ የላይኛዋ 50 ሳንቲ ሜትር ከታችኛዋ የበለጠ ውሃ ትይዛለችና የሞላችሁት ለጎርፉ የተተወውን ቦታ ነው። የጎርፍ ግድብ ሥራው ባዶ ሆኖ መጠበቅ ነው። የመስኖ ውሃ ከተፈለገ በሌላ ንድፍ በባለሙያ ይሠራ።

በማስተንፈሻው ላይ አጥር፣ መረብ፣ የእግረኛ መሻገሪያ ምሰሶም አይፈቀድ። በ1889 እ.ኤ.አ. በፔንሲልቬንያ ሳውዝ ፎርክ የተባለው የአፈር ግድብ ሲፈርስ ጆንስታውንን ጨምሮ በታች ያሉ መንደሮች ተጠርገው 2,209 ሰዎች አልቀዋል። ማስተንፈሻው ላይ ዓሣ እንዳያመልጥ የተሠራ ወንፊት ነበረበት፣ ጎርፉ ባመጣው ቆሻሻ ተደፈነ። አናቱ ለሠረገላ መንገድ ተብሎ ዝቅ ተደርጎ ነበር፤ የታች መውጫ ቱቦዎቹም ቀድሞ ተነቅለው ነበር። ሦስቱም ሲደረጉ በጣም ቀላል የሚመስሉ ሥራዎች ነበሩ።

ጥያቄ፦ ግድባችን ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ ነው። አናቱ ላይ ስንጥቅ ወጥቷል። በሲሚንቶ ብንሞላውስ?

መልስ፦ ሲሚንቶ ይቅር። አፈሩ ሲያብጥና ሲሸማቀቅ ሲሚንቶው አብሮት አይሄድም፤ በጎንና ጎኑ አዲስ ክፍተት ይተዋል። አስቀድሞ የስንጥቁን ዓይነት ለዩ። እንደ መረብ የተሰባበረ ቀጭን ስንጥቅ የድርቀት ነው። በአናቱ ርዝመት የሚሄድ፣ አንዱ ጎኑ ከሌላው ዝቅ ያለ፣ በታች ደግሞ ተዳፋቱ ያበጠ ከሆነ ግድቡ መንሸራተት ጀምሯል፤ እሱ የመሐንዲስ ሥራ ነው። ግድቡን አቋርጦ ከውሃው ወገን ወደ ታች ወገን የሚያልፈው ለጎርፍ የተከፈተ መንገድ ነውና ክረምቱን አትጠብቁት።

በስንጥቁ ግራና ቀኝ ችካል ምቱ፣ በየሳምንቱ በሜትር ለኩ። ጥልቀቱን ለማወቅ ቀጠን አድርጋችሁ የበጠበጣችሁትን ኖራ አፍስሱበትና በጎኑ ቆፍሩ፤ ነጩ መስመር የት እንደሚቆም ያሳያችኋል። ጥገናው እንዲህ ነው፦ ከስንጥቁ መጨረሻ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ፣ ጎኖቹን ሸርተት አድርጋችሁ ቆፍሩ፤ በዚያው ዓይነት አፈር በ15 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ እየሞላችሁ ጠቅጥቁ። እርጥበቱ ልክ የሚሆነው በእጅ ሲጨበጥ ድቡልቡል ሆኖ ሲቀር፣ ሲጫኑት ለሁለት ሲሰበርና መዳፍን ሳያጨቀይ ሲቀር ነው። በደረቅ አፈር የተሞላ ጉድጓድ በመጀመሪያው ሙሌት ይሰምጣል።

ጥያቄ፦ ተዳፋቱ ላይ ዛፍ በቅሏል። አፈሩን ይይዝልናል ብለን ተውነው።

መልስ፦ አፈር ለመያዝ ሣር ይበቃል፣ ያውም አጭር ሆኖ የተቆረጠ፤ ረጅም ሣር የእንስሳ ጉድጓድና ስርገት ይደብቃል። የዛፍ ሥር ግን ሲሞት በስብሶ የቧንቧ ያህል ባዶ መንገድ ይተዋል፤ በነፋስ ከወደቀ ደግሞ የግድቡን ሥጋ ነቅሎ ይሄዳል። ችግኙ ገና ቀጭን እያለ ቁረጡት። ትልቁን ቆርጣችሁ ጉቶውን መተው ነገሩን ያብሰዋል፤ ኩሬው ጎድሎ ሳለ ጉቶውና ከጣት የወፈሩ ሥሮች ወጥተው ጉድጓዱ ከላይ እንዳልነው እየተጠቀጠቀ መሞላት አለበት። ከግርጌው እስከ 8 ሜትር ያህል ርቀት ድረስ ዛፍ አይተከል።

ጥያቄ፦ ሌሊት ውሃው ወደ አናቱ እየቀረበ ከመጣ ምን እናድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ በታች ያሉትን አስጠንቅቁ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ መውጫውን የደፈነውን ግንድና ቆሻሻ በረጅም እንጨት ጫፍ በተሠራ ሜንጦ ከዳር ሆናችሁ ሳቡ። ወደ መግቢያው ማንም አይዋኝ፤ የውሃው መሳብ ሰውን ከወንፊቱ ጋር አጣብቆ ይይዛል። አፈር የተሞሉ ጆንያዎችን አናቱ ላይ በሰመጡት ቦታዎች ብቻ ደርድሩ። ውሃ ለማስወገድ ብላችሁ የግድቡን አካል በፍጹም አትቁረጡ፤ አንዴ ከተቆረጠ ማንም አያቆመውም። ሜንጦው፣ ጆንያውና ባትሪው ክረምት ሳይገባ ግድቡ አጠገብ ይቀመጡ፤ ዝቅ ያሉትን የአናቱን ቦታዎችም ውሃ በተሞላ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ቀድማችሁ ለክታችሁ ምልክት አድርጉባቸው።