ያቺ ቅጠል

«ጋሼ፣ የቶሮንቶውን የበረዶ ሆኪ ቡድን፣ የሜፕል ሊፍስን የአርማ ቅጠል ትንሽ ለወጥ አድርጌ ቲሸርት ላይ ባትማት ችግር አለው?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ሳያውቀው የቆየ ቁስሌን ነካው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2002 ጸደይ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ትንሽ የቲሸርት ማተሚያ ነበረችኝ። ሜፕል ሊፍስ የምሥራቁ ምድብ ፍጻሜ ደርሶ ከካሮላይና ጋር ይጫወታል፣ ከተማው አብዷል፣ መኪናው ሁሉ ባንዲራ ሰክቶ ጥሩምባውን ይነፋል። አብሮኝ የሚሠራ የኛው አገር ልጅ ነበር፣ ዕድሜው 19። እጁ ወርቅ ነው። ከጠረጴዛው በላይ የሃርትፎርድ ዌልርስን፣ የድሮ ሆኪ ቡድን አርማ ለጥፎ ነበር፤ ቡድኑ በ1997 ወደ ካሮላይና ሄዶ ስሙም ተቀይሯል። በአረንጓዴው ደብሊውና በዓሣ ነባሪው ጅራት መሃል ባለው ባዶ ቦታ ኤች እንደተደበቀች ያሳየኝ እሱ ነው። እኔ ስንት ዓመት አይቼው አላስተዋልኳትም።

«ቅጠሏን ሳላት፣ ጫፎቿን ግን ለወጥ አድርግ» አልኩት። «ፈቃድ አያስፈልግም?» አለኝ። «ከለወጥናት የኛ ናት» አልኩት።

200 አተምን። ግማሹ በሁለት ቀን አለቀ። ከዚያ የጠበቃ ደብዳቤ መጣ። ያመጣው ሰው የቀሩትን አንድ በአንድ እየቆጠረ «ማነው የሳለው?» ሲለኝ፣ «ልጁ ነው» አልኩ። ልጁ እዚያው ቆሟል። ቀለም የሚጎተትበትን ጎማ እንደያዘ ነው፣ ሰማያዊው ቀለም ጫማው ላይ ይንጠባጠባል። ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለም። ጎማውን አጠበ፣ ቦታው ላይ ሰቀለ፣ ጃኬቱን ለበሰና ወጣ። አልተመለሰም።

ቲሸርቶቹ ተወሰዱ፣ እነሱ አይቆጩኝም።

ስለ ሕጉ የማውቀውን ልንገርህ። ጥያቄው ስንት ጫፍ ለወጥክ አይደለም፤ ያየው ሰው የቡድኑ ዕቃ ይመስለዋል ወይ ነው። «ከመቶ 30 ከለወጥክ ያንተ ነው» የሚባለው ወሬ ነው። የዛሬ ልጆች ደግሞ ስልካችሁ ላይ ያገኛችሁት ሥዕል ሁሉ ሜዳ ላይ የወደቀ ይመስላችኋል።

እርግጥ ቡድኑ የሚጫወትበት የሆኪ ሊግም ሲወለድ ንጹሕ አልነበረም። ኅዳር 1917 ሞንትሪያል ዊንዘር ሆቴል የተሰበሰቡት ባለቤቶች የቶሮንቶውን ቡድን ጌታ ኤዲ ሊቪንግስተንን መገላገል ፈልገው ነው። ከነበራቸው የሆኪ ማኅበር ማስወጣት ሲያቅታቸው ማኅበሩን ባዶውን ትተውለት ኤንኤችኤል የሚባል አዲስ ሊግ አቋቋሙ። ሰውየው ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሰ። ቅጠሏም ብትሆን ኮን ስማይዝ በ1927 ቡድኑን ገዝቶ ስሙን ሲቀይር የወሰዳት፣ የካናዳ ወታደሮች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዩኒፎርማቸው ላይ ያደረጓት ናት። ታዲያ እንዴት የአንድ ክለብ ብቻ ትሆናለች እያልኩ ዛሬም ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ቢሆንም አትንካት።

በ2016 የወጣችውን አዲሷን ቅጠል አጉልተህ እያት። ጫፎቿ 31 ናቸው፣ የቡድኑ የድሮ ሜዳ ሜፕል ሊፍ ጋርደንስ በ1931 ስለተከፈተ። ጅማቶቿ 17፣ ለ1917። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቆጥሮ ነው የሳላት።

አንተም የራስህን ሳል። ማሽኔ ዛሬም ይሠራል። የመጀመሪያዎቹን 20 በነፃ አትምልሃለሁ፣ ማን እንደሳለው ግን ከሥሩ ስምህን እጽፍበታለሁ።