ቡና ይሸትሃል?

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ጅማ ላይ ህክምና ለምትማሩት ነው። የፅንስ እድገትን ለፈተና ብቻ አጥንታችሁ ስትረሱት እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔም እንደዛው ነበርኩ። ዋጋውን የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው።

በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ የ22 ዓመት ወጣት እናቱ ይዘውት መጡ። ጢም የለውም። ድምፁ የልጅ ነው። ጓደኞቹ አግብተው ወልደዋል፤ እሱ ከእነሱ ጋር ወንዝ ወርዶ መታጠብ ካቆመ ዓመታት ሆኖታል። መረመርኩት። የዘር ፍሬዎቹ የትንሽ ልጅ ያህል ናቸው። ካርዱ ላይ "ጉርምስና የዘገየበት" ብዬ ጻፍኩ፣ ቫይታሚን አዘዝኩ፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ አልኩት። በሩ ጋ ሲደርሱ እናቱ ዞር አሉና "ዶክተር፣ ይሄ ልጅ እኮ ቡና ሲያር እንኳ አይሸተውም" አሉኝ።

አስቡት፣ ጅማ ውስጥ! ከሂርማታ እስከ ጅሬን ቡና የማይቆላበት ሰፈር የት አለ? እኔ ግን "ጉንፋን ይሆናል እናቴ" ብዬ ሸኘኋቸው። ልጁ ተመልሶ አልመጣም።

እናትየው በሽታውን ነግረውኝ ነበር። አፍንጫና ጉርምስናን ምን ያገናኛቸዋል? ያልገባኝ እሱ ነው።

አንዳንድ የነርቭ ሴሎች ፔፕታይድ ይሠራሉ። ፔፕታይድ ማለት አሚኖ አሲዶች እንደ ጨሌ ተሰካክተው የሚፈጥሩት አጭር ሰንሰለት ነው። ኦክሲቶሲንን ታውቁታላችሁ፤ እናት ስትወልድ ብዙ ደም እንዳይፈሳት የምንወጋት ነው። 9 አሚኖ አሲዶች አሉት። በሰውነታችን ውስጥ እሱን የሚሠሩት ሴሎች የሚወለዱት እዚያው አንጎል ውስጥ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍል ነው። ከተወለዱበት ብዙም አይርቁም። ጉርምስናን የሚቀሰቅሰው ጂኤንአርኤች ደግሞ 10 አሚኖ አሲዶች አሉት። ሴሎቹን ስትፈልጉ የምታገኟቸው እዚያው ሃይፖታላመስ አካባቢ ነው። የተወለዱት ግን አፍንጫ ውስጥ ነው!

ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ማርሊን ሽዋንዘል-ፉኩዳና ዶናልድ ፋፍ በአንድ በኩል፣ ሱዛን ሬይና ባልደረቦቿ በሌላ በኩል፣ የአይጥ ፅንስን በየቀኑ እየከፈቱ ሴሎቹን ተከታተሉ። የአይጥ እርግዝና 20 ቀን ገደማ ነው። በ11ኛው ቀን አካባቢ ሴሎቹ አፍንጫ ውስጥ ይታያሉ። ከዚያ የነርቭ ክሮችን እንደ ገመድ ተከትለው ወደ ላይ ይጓዛሉ፣ ኋላ ወንፊት መሳይ አጥንት በሚሆነው ቦታ አልፈው አንጎል ይገባሉ። በ16ኛው ቀን አብዛኞቹ ደርሰዋል። ቁጥራቸው 800 ገደማ ብቻ ነው። የአይጥ አንጎል 70 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች አሉት፤ የዘር መቀጠል ግን በእነዚህ ጥቂቶች ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ እስከ ዛሬ ይሄ ነገር ይገርመኛል።

መንገዱ ከተዘጋስ? በዚያው ዓመት የሽዋንዘል-ፉኩዳ ቡድን ካልማን ሲንድሮም (ሽታና ጉርምስና አብረው የሚጠፉበት በሽታ) ያለበት የ19 ሳምንት የሰው ፅንስ መረመረ። ሴሎቹ አፍንጫውና አንጎሉ ደጃፍ ላይ ተከማችተው ቀርተዋል። የማሽተት ነርቮቹም አንጎል አልደረሱም። ገመዱ ሲቋረጥ ሽታም ጉርምስናም አብረው ይቀራሉ። ፍራንዝ ካልማን ሁለቱ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አብረው እንደሚታዩ እ.ኤ.አ. በ1944 ጽፏል። ያ ወጣት እኔ ፊት ሲቀመጥ ሁሉም ተጽፎ አልቆ ነበር። አላነበብኩትም።

ስለዚህ ይህን መንገድ በእርሳስ ሳሉት። ስሙን መሸምደድ አይበቃም፤ ከየት ተነስቶ በየት አልፎ የት እንደሚደርስ እጃችሁ ይወቀው። ከዚያ በኋላ በሽታው ራሱ ይነግራችኋል። በር ላይ ቆመው የሚናገሩ እናቶችንም ተመልሰው እንዲቀመጡ ለምኗቸው። ዋናውን ነገር ብዙ ጊዜ የሚያወጡት እዚያ ነው።

ደግሞ "ቡና ይሸትሃል?" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ከተወለደ ጀምሮ ሽታ የማያውቅ ሰው የጎደለውን አያውቀውም። ሰው "እንዴት ደስ ይላል" ሲል እሱም "አዎ" ማለት ለምዷል። እኔ ከዚያ ወዲህ መሳቢያዬ ውስጥ የተቆላ ቡና በብልቃጥ አስቀምጥ ነበር። ዓይን አስጨፍኜ አፍንጫው ስር እይዝለታለሁ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ሌላ ልጅ መጣ፤ 19 ዓመቱ ነው። ብልቃጡን አስጠጋሁለት። ሳበ፣ ደግሞ ሳበ። "ዶክተር፣ ባዶ ነው እኮ" አለኝ። ሆርሞኑ ተለክቶ ቴስቶስተሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ጀመረ። ማሽተቱን አልመለሰለትም፤ ያንን ቀድሜ ነግሬዋለሁ። ዓመት ሳይሞላው ስልኬ ጠራ። "ማን ልበል?" አልኩ። ድምፁን አላወቅኩትም።