ጥያቄና መልስ፦ ሎርድ ላንስዳውንና የሎርዶች ምክር ቤት ሽንፈት

መላሽ፦ ስለ አምስተኛው ማርክዊስ ኦፍ ላንስዳውን (1845–1927) ጠይቁ፤ በሎርዶች ምክር ቤት፣ ማለትም በእንግሊዝ ፓርላማ ሕዝብ ባልመረጣቸው መኳንንት ቤት፣ የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ነበር። ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አታደባልቁ።

ጥ፦ መምህር፣ ሰውየው ምን ምን ተሾመ?
መ፦ የካናዳ አገረ ገዥ፣ የህንድ እንደራሴ፣ የጦር ሚኒስትር፣ ከ1900 እስከ 1905 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር። ቀጥሉ።

ጥ፦ በ1909 ሎርዶቹ የመንግሥትን በጀት ለምን ጣሉት?
መ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። የሊበራሉ መንግሥት የገንዘብ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ለጡረታና ለጦር መርከብ ገንዘብ ፈልጎ፣ ዓመታዊ ገቢው ከ5,000 ፓውንድ በሚበልጥ ሰው ላይ ተጨማሪ ግብር ጣለ። መሬት ሲሸጥ ወይም ሲወረስ ደግሞ፣ ባለቤቱ ሳይለፋበት ከጨመረው ዋጋ 20 በመቶ ለመንግሥት ይገባል አለ። ባለርስቱን ይበልጥ ያስበረገገው ግምቱ ነው፤ ለዚህ ግብር ሲባል የአገሩ መሬት በሙሉ ሊገመት ነው። ላንስዳውን ራሱ በዊልትሻየር ቦውድ፣ በአየርላንድ ደሪን የሚባሉ ርስቶች ነበሩት። «ሕዝብ ሳይፈርድበት አንቀበልም» የሚል የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ፤ ኖቬምበር 30 ቀን 350 ለ75 ጣሉት። ሎርዶች በገንዘብ ሕግ እጃቸውን አያስገቡም የሚለው የቆየ ልማድ በዚያው ፈረሰ።

ጥ፦ የ1910 ምርጫን ማን አሸነፈ?
መ፦ የትኛውን? ጃንዋሪም ዲሴምበርም ምርጫ ነበረ። ወሩን ጻፉ።

ጥ፦ በ1911 ታዲያ ትግሉን ለምን ተወ?
መ፦ ድምፅ ቆጥሮ ነዋ። የሎርዶችን ሥልጣን የሚቀንሰው ሕግ ካላለፈ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ አዳዲስ ሎርዶች ሊሾም ቃል ገብቷል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስኩዊዝም በጁላይ ይፋ አወጣው። በመቶ የሚቆጠሩ ሊበራሎች ከገቡ የወግ አጥባቂዎቹ ብልጫ አከተመ። ስለዚህ ላንስዳውን ተከታዮቹን «ድምፅ አትስጡ» አላቸው። ይህ ብቻውን ግን አያዋጣም ነበር፦ ሊበራሎቹ 81፣ በሃልስበሪ የሚመሩት እምቢተኞች 114። ሕጉን ያሳለፉት ከመንግሥት ጎን የቆሙት 37 ወግ አጥባቂዎችና 13 ጳጳሳት ናቸው። ኦገስት 10፣ 131 ለ114። ከዚያ ወዲያ ሎርዶች የገንዘብ ሕግን አንድ ወር፣ ሌላውን ሁለት ዓመት (ከ1949 ወዲህ አንድ ዓመት) ከማዘግየት አያልፉም።

ጥ፦ ከኛ አገር ጋርስ ይገናኛል?
መ፦ የ1902ቱ የምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ የሃሪንግተን ውል በእሱ ሚኒስትርነት ጊዜ ነው። ሜይ 15፤ በኛ ግንቦት 7 ቀን 1894።

አባል፦ ዓባይን ያሰረብን ውል!
ሌላ አባል፦ አንቀጽ 3ን አንብብ እስቲ። ያለ እንግሊዝና ሱዳን ስምምነት የጥቁር ዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ አይሠራም ነው የሚለው። መጠቀምን የት ከለከለ?
አባል፦ ሳያግዱ መጠቀም እንዴት ነው?
መ፦ የግድብ ክርክራችሁን ሌላ ቦታ ውሰዱት።

ጥ፦ የ1910 ውጤት ስንት ለስንት ነበር?
መ፦ ወሩን አልኩ! ጃንዋሪ ከሆነ ሊበራል 274፣ ወግ አጥባቂ 272። መንግሥቱ የቆመው በአየርላንዶቹ ድምፅ ነው፤ የእነሱ ዋጋ ደግሞ የሎርዶች ሥልጣን መቀነስ ነበር።