ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ ይጻፍ?

ጥያቄ፦ በቀያሽነት እሠራለሁ። 20 በ30 ሜትር ገደማ የሆነ ይዞታ አራት ማዕዘኖችን በእጅ ጂፒኤስ ወስጄ ሳሰላ ኮምፒውተሩ 612.4837 ካሬ ሜትር አወጣ። በመዝገቡ ላይ እንዳለ ልጻፈው ወይስ ላጠጋጋው?

መልስ፦ ከነጥብ በኋላ ያሉት አሃዞች የፕሮግራሙ እንጂ የመሬቱ አይደሉም፤ አይጻፉም። የእጅ ጂፒኤስ በገላጣ ቦታ እንኳ ጥቂት ሜትሮች ይዛነፋል። እያንዳንዱ ማዕዘን በምሥራቅም በሰሜንም ±3 ሜትር ቢዛነፍና ስሕተቶቹ አንዱ ከሌላው ነጻ ቢሆኑ፣ የስፋቱ ስሕተት 3 ሜትርን ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ባለው ርቀት፣ ማለትም በ36 ሜትር፣ በማባዛት ይገኛል፤ ይህም ወደ 108 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ጊዜ የተወሰዱ ነጥቦች አብረው ወደ አንድ ወገን ስለሚያዘነብሉ ስሕተቱ በተግባር ሊያንስ ይችላል፤ በዚህ ተስፋ ግን ቁጥር አይሞላም። ስለዚህ «600 ካሬ ሜትር ገደማ፣ በእጅ ጂፒኤስ» ብለው ይመዝግቡ። ጎኖቹ በመለኪያ ሜትር ተለክተው ±2 ሳንቲ ሜትር ስሕተት ቢኖራቸውና ማዕዘኖቹም ቢረጋገጡ፣ የስፋቱ ስሕተት 0.7 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ ከነጥብ በኋላ ምንም ሳይጨምሩ ሙሉ ቁጥሩን መጻፍ ይበቃል።

ብዙ ባልደረቦች የሚሳሳቱት በኮርዲኔት፣ ማለትም የነጥቡን ቦታ በሚያመለክተው ቁጥር፣ ላይ ነው። 473215.38 ስምንት አሃዝ ስላለው ብቻ እጅግ ትክክለኛ ይመስላል፤ የፊተኞቹ አሃዞች ግን ነጥቡ በዞኑ (በካርታው ሰፊ ክፍል) ውስጥ የት እንዳለ ብቻ ይናገራሉ። ከጎረቤቱ 473195.36 ሲቀነስ የሚቀረው 20.02 ሜትር ነው። ስለዚህ በኮርዲኔት ላይ የሚታየው የአሃዙ ብዛት ሳይሆን የመጨረሻው አሃዝ የሚቆምበት ቦታ ነው፤ በእጅ ጂፒኤስ ለተወሰደ ነጥብ ሙሉ ሜትር ይበቃል። ከዚህ የሚበልጥ ስሕተት የሚመጣው የማጣቀሻ ሥርዓቱ፣ ማለትም ኮርዲኔቱ የሚቆጠርበት መነሻ፣ ሳይጻፍ ሲቀር ነው፤ በአገራችን አዲንዳንና ደብሊው ጂ ኤስ 84 የተባሉት ሁለት ሥርዓቶች ቢደባለቁ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል።

ዜሮም ዋጋ አለው። 24.50 ሜትር ብሎ መጻፍ እስከ ሳንቲ ሜትር ለክቻለሁ ማለት ሲሆን፣ 24.5 ግን እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በስሌት መካከል ግን አያጠጋጉ፤ አሃዞቹን ይዘው እስከ መጨረሻው ይሂዱና የሚጻፈውን ውጤት ብቻ ያጠጋጉ። የመስክ መዝገቡም እንደተለካ ይቀመጥ።

ቅጹ ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ ካልተሞላ አልቀበልም ካለ ይሙሉለት፤ በአስተያየት ሳጥኑ ውስጥ ግን መሣሪያውን፣ የማጣቀሻ ሥርዓቱንና «±3 ሜትር» የሚለውን ይጻፉበት።